ሁሉን የሚያውቀው ተከላካይ

ማቴል የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች በ1977 በእጅ የሚያዝ ኤሌክትሮኒክ ፉትቦል ለገበያ አወጣ (እዚህ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስክሪኑ ላይ ሰው የሚመስል ነገር የለም፤ ያሉት ቀያይ የብርሃን ሰረዞች ናቸው። ደመቅ ያለችው ሰረዝ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች ናት፤ ፈዘዝ ያሉት ደግሞ አሳዳጆቹ። ፕሮግራሙ በጠቅላላው 511 ባይት ነበር፤ ይህ አንቀጽ ብቻውን ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። በዚያ ጌም ኳስ መወርወር የሚባል ነገር የለም፣ ሩጫ ብቻ ነው። የሚወረወር ኳስ ከሌለ ደግሞ የተወረወረን ኳስ የመከላከል ጣጣም የለም። በማግስቱ ዓመት የወጣው ሁለተኛው እትም ግን ውርወራን ጨመረ፤ ጣጣውም አብሮ ገባ።

በእግር ኳስ ላደገ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ማስረዳት ይገባል። በአሜሪካ ፉትቦል ከየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ወይ ኳሱን ታቅፎ ይሮጣል፣ ወይ ኳርተርባክ የሚባለው ሰው ከኋላ ሆኖ ወደፊት ይወረውረዋል። ውርወራውን መከላከያው መንገድ በመሠረቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰው በሰው ነው፤ እያንዳንዱ ተከላካይ አንድ ተቀባይ ይሰጠውና ከአጠገቡ አይለይም። ሁለተኛው ዞን ነው፤ ሜዳው ይከፋፈልና ሁሉም የየራሱን ክልል ይጠብቃል።

ልዩነቱ ያለው ዓይን ላይ ነው። ሰው በሰው የያዘን ኮርነርባክ፣ የሜዳውን ጠርዝ የሚጠብቀውን ተከላካይ ማለት ነው፣ አሰልጣኞቹ ኳርተርባኩን እንዳያይ ይመክሩታል። የሚያየው የተቀባዩን ዳሌ ነው። ጭንቅላትና ትከሻ ያታልላሉ፤ ዳሌ ግን ሰውየው ወደሚሄድበት ነው የሚዞረው። እንዲህ ሲሮጥ ኳሱ መወርወሩን እንኳ አያውቅም። የሚያውቀው የተቀባዩ ዓይን ሲፈጥና እጁ ከፍ ሲል ነው፤ ያኔ ክንዱን በሁለቱ የተቀባዩ እጆች መካከል ሰዶ ኳሱን ለማስጣል ይታገላል። በዞን የቆመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ አዙሮ የዓይኑንና የትከሻውን አቅጣጫ ያነባል፤ ከጀርባው የሚያልፈውን ተቀባይ ግን በግምት ነው የሚያውቀው። ጎበዝ ኳርተርባክ ይህንን ስለሚያውቅ ወደ ግራ እያየ ተከላካዩን ይጎትትና ኳሱን ወደ ቀኝ ይልካል።

ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ድክመት የለበትም። ተጫዋቹ ቁልፉን በተጫነባት ቅጽበት ፕሮግራሙ ኳሱ በምን ፍጥነት እንደሚበር፣ የት እንደሚያርፍም አስልቶ ጨርሷል። ተከላካዮቹን የሚያንቀሳቅሰው ያው ፕሮግራም ስለሆነ ጀርባውን የሰጠ ተከላካይ እንኳ ኳሱ ገና ከኳርተርባኩ እጅ ሳይወጣ ወዴት መዝለል እንዳለበት «ያውቃል»። አሜሪካውያን ተጫዋቾች ይህን ተከላካይ ጠንቋይ እያሉ ሲረግሙት ኖረዋል። የፉትቦል ጌም ሠሪዎች ለዓመታት የደከሙበት ሥራም፣ በአብዛኛው፣ ማሽኑ የሚያውቀውን ነገር እንዳላወቀ እንዲሆን ማስተማር ነው። ይህ ማሽኑን ብልህ ከማድረግ ይልቅ ከባድ ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ጭራሽ አልተጠየቀም። አታሪ በ1978 ለመጫወቻ አዳራሾች ያቀረበው ፉትቦል ሁለት ሰው የሚጋጠምበት ነበር፤ ብቻውን የመጣ ሰው ባላጋራ ካላገኘ አይጫወትም። አጥቂዎቹና ተከላካዮቹ አሰልጣኞች ሰሌዳ ላይ እንደሚስሏቸው የኤክስ እና የኦ ምልክቶች ናቸው። የሚንቀሳቀሱት በመዳፍ በሚሽከረከር ከባድ ኳስ ሲሆን፣ ፈጥኖ ለመሮጥ ኳሱን በኃይል ደጋግሞ መግፋት ስለሚያስፈልግ የስንቱ መዳፍ ተላጠ። ግን ተከላካዩን የሚያዘው ሰው ነውና ይታለላል፣ ይደናገራል፣ ይዘገያል። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ተከላካይ ከየት ይመጣል?

ችግሩ የመጣው ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ለመጫወት ሲፈልግ ነው። የኤሌክትሮኒክ አርትስ መሥራች ትሪፕ ሃውኪንስ በ1984 የኦክላንድ ሬይደርስን የቀድሞ አሰልጣኝ ጆን ማደንን ስለ ኮምፒውተር ፉትቦል ጌም ያነጋገረው ባቡር ላይ ነበር፤ ማደን አውሮፕላን ይፈራ ነበር። ከዴንቨር ወደ ኦክላንድ በሚወስደው በዚያ ረጅም ጉዞ ሃውኪንስ እውነቱን ነገረው። የያኔው አፕል 2 ኮምፒውተር ሊሸከም የሚችለው በየወገኑ ስድስት ወይም ሰባት ተጫዋች ነው። ማደን አሻፈረኝ አለ። 11 በ11 ካልሆነ ስሙ አይገባበትም።

የአሰልጣኝ ግትርነት ይመስላል፤ ነገር ግን ማደን ትክክል ነበር። ከሰባት ሰው ላይ መስመር ላይ የሚጋፉትን ብትቀንስ ከኋላ የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። በሁለት ሰው ደግሞ ዞን የለም፣ የሚደበቅ ስልት የለም፣ ኳርተርባኩን የሚያሳስበው ነገርም የለም። ሥራው አራት ዓመት ፈጀ፤ በኩባንያው ውስጥ «የትሪፕ ቂልነት» እየተባለ ተቀለደበት። ጆን ማደን ፉትቦል በ1988 ወጣ፤ በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ለዓመታት ወረፋ የተያዘበትን ፊፋን ያሳተመው ኩባንያም ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን ጃፓኖቹ ሌላ መንገድ ያዙ። ቴክሞ ቦውል በ1989 አሜሪካ ውስጥ ለኒንቴንዶ ሲወጣ በየወገኑ ዘጠኝ ተጫዋች፣ ለአጥቂውም ቡድን አራት ስልት ብቻ ነበረው። ተከላካዩ ከአራቱ አንዱን ይገምታል፤ ግምቱ ከገጠመ የአጥቂው ስልት ገና ሳይጀመር ይፈርሳል። መከላከል ማለት ቁማር ነበር። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የሚጫወቱ ልጆች ስልታቸውን ሲመርጡ መቆጣጠሪያውን በልብሳቸው ይሸፍናሉ፤ ባላጋራ የአውራ ጣትን እንቅስቃሴ አይቶ ያውቃልና። በ1991 የወጣው ቴክሞ ሱፐር ቦውል ወደ 11 ተጫዋችና ወደ ስምንት ስልት አደገ፣ የእውነተኞቹን ክለቦችና ተጫዋቾች ስምም ይዞ መጣ፤ ቁማሩ ግን እዚያው ቀረ። ይህን ጌም ዛሬም ድረስ የሚወዱት ብዙ ናቸው፤ አያስገርምም። ቢያንስ ቁማርነቱን አይደብቅም።

የማደን ጌም በ1990 ወደ ሴጋ ጀነሲስ መጫወቻ ማሽን ሲሻገር ዓይነ ግቡ ነገር ይዞ ቀረበ። ካሜራው ከአጥቂው ቡድን ጀርባ ቆመ፤ ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲዘጋጅ ስክሪኑ አናት ላይ ሦስት ትናንሽ መስኮቶች ይከፈታሉ፤ በእያንዳንዱ አንድ ተቀባይ ይታያል፣ ለእያንዳንዱም ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ቁልፍ አለ። ለወርዋሪው ትልቅ እፎይታ ነበር። በመከላከሉ በኩል ግን ሰው በአንድ ጊዜ የሚያዘው አንድ ተጫዋች ብቻ ነው፤ የቀሩት አሥሩ በማሽኑ እጅ ናቸው። ገሚሶቹም ከስክሪኑ ውጭ ስለሆኑ ምን እየሠሩ እንደሆነ በቅጡ የሚያያቸው የለም። ጠንቋዩ ተከላካይ ያደገው በዚህ ጨለማ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁሉም እውነተኛነትን ይፈልግ ነበር ማለትም አይደለም። ሚድዌይ በ1997 ያወጣው ኤንኤፍኤል ብሊትዝ በየወገኑ ሰባት ሰው ያሰልፋል፣ ለአዲስ ሙከራ 10 ሳይሆን 30 ያርድ ይጠይቃል፤ ተቀባዩን ኳሱ ሳይደርሰው መሬት ላይ መዘረርም አያስቀጣም። አዳራሾቹ በሳቅ ተሞሉ።

የእውነተኛው ሊግ፣ የኤንኤፍኤል፣ ሕግ በበኩሉ ቆሞ አልጠበቀም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተከላካይ ኳሱ እስኪወረወር ተቀባዩን በየደረሰበት መግፋትና መደብደብ ይችል ነበር። የፒትስበርግ ስቲለርሱ ሜል ብላውንት በዚህ የተካነ ነበርና ተቀባዮችን መላወሻ አሳጣቸው። ሊጉ በ1978 ግጭቱን በመጀመሪያዎቹ አምስት ያርዶች ሲገድበው ሕጉ በስሙ ተጠራ። በጥር 2004 ደግሞ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትሱ ታይ ሎ በአንድ ጨዋታ ከኢንዲያናፖሊሱ ኳርተርባክ ከፔይተን ማኒንግ ሦስት ኳስ ነጠቀ። ተከላካዮቹ ተቀባዮቹን አላፈናፈን ብለው ነበርና ሊጉ ዳኞች የአምስት ያርዱን ሕግ አጥብቀው እንዲያስከብሩ አዘዘ። ማኒንግ በቀጣዩ የውድድር ዘመን 49 የተሳኩ የጎል ውርወራዎች ወርውሮ የያኔውን ክብረ ወሰን ሰበረ።

ጌሙም ይህንን ሰው እንደ መለኪያ ወሰደው። በ2005 የወጣው ማደን 06 «የኳርተርባክ እይታ» የሚል ነገር አመጣ። ሜዳው ላይ ከኳርተርባኩ ፊት የሚፈነጥቅ የብርሃን ሾጣጣ ይታያል፤ ሰውየው ወደሚያየው አቅጣጫ ነው የሚያበራው። ከብርሃኑ ውጭ ላለ ተቀባይ የተወረወረ ኳስ ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል። የማኒንግ ብርሃን የሜዳውን ግማሽ ያህል ይሸፍናል፤ የደካማው ኳርተርባክ ደግሞ እንደ ባትሪ መብራት ቀጭን ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቴሌቪዥን ሲጫወቱ ብርሃኑ ለተከላካዩም ስለሚታይ ማታለል ተቻለ፤ ብርሃኑን ወደ ግራ ልኮ፣ ባላጋራን ወደዚያ አስኪዶ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ቀኝ መመለስ።

ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ አብዛኛው ተጫዋች ግን ጠላው። አንድ እጅ ሦስት ሥራ በዛበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብርሃኑ ከጌሙ ጠፋ። የጎደለው ነገር ግን የቁልፍ ብዛት ብቻ አልነበረም። ሠሪዎቹ የወርዋሪውን ዓይን ዋጋ ሲሰጡት የተከላካዩን ዓይን ረስተውታል። በማሽን የሚመራው ተከላካይ አሁንም ኳሱን ለማወቅ ማየት አያስፈልገውም ነበር።

በዚህ መሐል ገበያው ተዘጋ። በ2004 ክረምት ኢኤስፒኤን ኤንኤፍኤል 2ኬ5 የተባለው ተፎካካሪ በ19.99 ዶላር እየተሸጠ ማደንን ክፉኛ ሲፈታተነው፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የሊጉንና የተጫዋቾቹን ስም ብቻውን የመጠቀም መብት ገዛ። ከዚያ ወዲህ የእውነተኞቹን ክለቦች ስም ይዞ ማደንን በቁም ነገር የሚገዳደር ጌም አልወጣም። ጠንቋዩ ዕድሜ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ሊታመን የሚችል ክርክር ነው። የሚሸሽበት ሌላ ቤት የሌለው ደንበኛ ቢያማርርም ይገዛል።

ለውጡ በ2012 በማደን 13 መጣ። በዚህ እትም ተከላካይ ኳስ ለመንጠቅ መጀመሪያ ማየት አለበት ተባለ። ተቀባዩም እንዲሁ፤ ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ እስኪያዞር ድረስ ከጭንቅላቱ በላይ ያለው ምልክት ፈዝዞ ይቆያል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ተጫዋች ጭንቅላት ውስጥ ዓይን መትከል ማለት ነው። ጀርባውን የሰጠው ኮርነርባክ ኳሱ በጆሮ ግንዱ ሲያልፍ እንኳ ሳይነካው ይቀራል። ለዓመታት በጠንቋይ ሲሰቃይ የኖረ ተጫዋች ይህንን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ መከላከል የእሱ ተራ ሲሆን ግን ያው ነገር ያበሳጨዋል።

ቀጥሎ የአየር ላይ ትግሉ ነበር። በኅዳር 23 ቀን 2014 የኒው ዮርክ ጃየንትሱ ኦዴል ቤካም ጁንየር ከዳላስ ጋር ሲጫወቱ ወደ ኋላ እየወደቀ፣ የያዘው ተከላካይ ጥፋት ተቆጥሮበት እያለ፣ በአንድ እጁ ጣቶች ኳሱን ያዘ። በማግስቱ ዓመት የማደን 16 ሽፋን ላይ የወጣው እሱ ነው። በዚያ እትም ተቀባዩ ሦስት ምርጫ አገኘ፤ ዘሎ መቀማት፣ ኳሱን አቅፎ እግሩን ማረጋገጥ፣ ወይም ይዞ ሩጫውን መቀጠል። ተከላካዩ ደግሞ ወይ ኳሱን ወይ ሰውየውን መምረጥ ይችላል። ሰውየውን የመረጠ በጥንቃቄ ይጫወታል፤ ኳሱን የመረጠ ካልተሳካለት ባላጋራው አምልጦታል። ክርክሩ በሁለት ሰዎች ውሳኔ መካከል ሆነ፤ ቀድሞ የተቀረጸ እንቅስቃሴ ብቻውን አይፈርድም።

ዞኑ ግን ገና ነበር። በቀደሙት እትሞች ዞን የሚጠብቅ ተከላካይ ስክሪኑ ላይ ወደተሳለለት ክብ ይሄድና እዚያ ይቆማል። ተቀባይ በሁለት ክቦች መካከል ቢያልፍ ማንም የእኔ ነው አይልም። ተጫዋቾች የትኛው ስልት የትኛውን ስንጥቅ እንደሚያገኝ አጥንተው ያንኑ ስልት ጨዋታውን ሙሉ ይደጋግሙት ነበር። እውነተኞቹ አሰልጣኞች ይህንን ችግር የፈቱት ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። በ1991 እና በ1994 መካከል የክሊቭላንድ ብራውንስ ዋና አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክና የመከላከል አስተባባሪው ኒክ ሴባን ዞንን ከሰው በሰው ጋር አዋሕደው ሠሩ። ተከላካዩ ሲጀምር ክልል ይጠብቃል፤ ተቀባዮቹ የሚሮጡበትን ንድፍ እንዳነበበ ግን ወደ ክልሉ የገባውን ሰው ይዞ እስከ መጨረሻው ይከተላል። ስንጥቁ ተደፈነ።

ማደን በ2016፣ በማደን 17፣ የዞን መከላከሉን አድሶ አቀረበ፤ በዚያና በተከታዮቹ እትሞች ይህ ንድፍ እያነበቡ የመያዝ ስልት ገባ። በእነዚያ ዓመታት ከጌሙ ዲዛይነሮች አንዱ የነበረው ክሊንት ኦልደንበርግ የቀድሞ የመስመር ተጫዋች ነው፤ በ2007 ወደ ሊጉ ሲገባ የመረጠውም ቤሊቺክ ያኔ ያሠለጥነው የነበረው ፓትሪዮትስ ነው። በዚያው ሰሞን ሊጉ በየተጫዋቹ የትከሻ መከላከያ ውስጥ ማይክሮቺፕ ማስገባት ጀምሮ ነበርና ተከላካይ ከተቀባዩ ምን ያህል እንደራቀ በግምት መናገር ቀረ።

ይሁንና ጠንቋዩ ሙሉ በሙሉ አልሞተም፤ ቦታ ቀየረ። ዛሬ በውድድር የሚጫወት ጎበዝ በእጁ የሚያዘው ላይንባከር የሚባለውን ከመስመሩ ጀርባ የሚቆም የመሐል ተከላካይ ወይም ሴፍቲ የሚባለውን የመጨረሻውን ተከላካይ ነው። ካሜራው ከፍ ብሎ ሜዳውን ስለሚያሳየው ከጀርባው የሚሮጠውን ተቀባይ ጭምር ያያል። በሜዳ ላይ ያለው እውነተኛ ላይንባከር በጭንቅላት መከላከያው ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ሁለት ሜትር በሚጠጉ ግዙፎች መካከል ነው የሚያጮልቀው። ሠሪዎቹ ኮምፒውተሩን አለማወቅ ያስተማሩትን ያህል ሰውየውን ማስተማር አልቻሉም፤ እንዲያውም በማደን 20 እንዲህ አድብቶ ኳስ የሚነጥቅን ተከላካይ የሚያጎለብት ልዩ ችሎታ ጨመሩበት።

የውድድሩ ሰዎች ደግሞ የራሳቸውን መልስ አገኙ። በጥር 2020 በተካሄደ ትልቅ የማደን ውድድር አንድ ተወዳዳሪ በኳርተርባክ ቦታ ኳስ በእግሩ የሚመታውን ተጫዋች አሰልፎ፣ ኳስ መወርወርን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ሩጫ ብቻ እየጠራ ዋንጫውን ወሰደ። የቡድን መሥሪያ በጀቱ የተወሰነ ስለነበር ከኳርተርባክ የቆጠበውን ሌላ ቦታ ላይ አዋለው። የሊጉ ሰዎች ስቴዲየም ለሚሞላው ውርወራ ሲሉ ስንት ሕግ እንደቀየሩ ለሚያስታውስ ይህ ትንሽ ያስቃል።

የዳኝነቱ ነገር ለብቻው ነው። በጥር 2019 ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስና ሎስ አንጀለስ ራምስ ሲጋጠሙ የራምሱ ተከላካይ ኳሱ ሳይደርስ ተቀባዩን ሲጥለው አገር አየ፣ ዳኛ አላየም። ሊጉ ለአንድ የውድድር ዘመን እንዲህ ያለው ጥፋት በቪዲዮ እንዲታይ ፈቀደ፤ አልሠራ ሲል ተወው። ጌም ውስጥ ያለው ዳኛ በተቃራኒው እያንዳንዷን ንክኪ ያውቃል። ሁሉንም ቢነፋ ጨዋታው አይገፋም፤ ስለዚህ እሱም አንዳንዱን እንዳላየ እንዲያልፍ ተደርጎ ተሠርቷል።

ምን ያህል እንዳላየ ይለፍ የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ማደን ከ0 እስከ 100 የሚንሸራተቱ መለኪያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም 50 ላይ ይጀምራሉ። አንዱ ለጥፋት ፊሽካ ነው፣ አንዱ ለኳስ ነጠቃ፣ አንዱ ተከላካይ ተቀባዩን ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚይዝ፣ አንዱ ደግሞ ውርወራውን ለማንበብ ምን ያህል እንደሚፈጥን። አብዛኞቹ ለሰውየው ቡድን አንድ፣ ለማሽኑ ቡድን ሌላ ተብለው ተለይተዋል። እነዚህን ቁጥሮች በማስተካከል ብቻ ሳምንታት የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ፤ በየጨዋታው የተነጠቀውን ኳስ እየቆጠሩ፣ ከእውነተኛው ሊግ አኃዝ ጋር እያስተያዩ፣ የማሽኑን የንባብ ፍጥነት አንድ ነጥብ ዝቅ አንድ ነጥብ ከፍ ያደርጋሉ። አዲስ እትም በየነሐሴው ሲመጣ ሥራው እንደገና ከ50 ይጀመራል።